የሕግ ተማሪ በቀን ስንት ሰዓት ያጥና?

(በመካነ ሰላም ከተደረገ ሕዝባዊ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከለጋምቦ፣ ከከለላም ሆነ ከሳይንት ተነሥቶ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «በቀን ስንት ሰዓት ማጥናት አለብኝ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከመምህሩ ሳይሆን ከዶርም ጓደኛው ነው። አንዱ «ሀንድአውቱን ለፈተና ሰሞን ሁለት ሌሊት ካየኸው ይበቃል» ይለዋል። ሌላው «እኔ በቀን አሥር ሰዓት ነው የማጠናው» እያለ ያስደነግጠዋል። ሁለቱንም አላምናቸውም። ዛሬ ቁጥሩን ራሳችን ቆጥረን እንድንደርስበት፣ ከደረስንበትም በኋላ ሰዓቱ በምን እንደሚሞላ እንድንመረምር እፈልጋለሁ።

ከሂሳቡ እንጀምር። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የገባው ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. የተባለው የአውሮፓ መለኪያ የተማሪውን ጠቅላላ ድካም ይለካል፤ ክፍል ውስጥ የተቀመጠበትን ብቻ አይደለም። በዚህ መለኪያ አንድ ዓመት 60 ነጥብ፣ አንድ ሴሚስተር 30 ነጥብ ነው። አንዱ ነጥብ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል። ስለዚህ አንድ ሴሚስተር ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። ይህን ለ16 ሳምንታት ብናካፍለው በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይመጣል። ከዚህ ላይ 16 ሰዓቱ በክፍል ያልፋል ብለን እናስብ፤ የሚተርፈው ከ31 እስከ 40 ሰዓት ነው። አንዱን ቀን ለዕረፍት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ፣ ልብስ ለማጠቢያም ትተን ለስድስት ቀን ብናከፋፍለው በቀን ከአምስት ሰዓት ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ድረስ ይሆናል።

የአሜሪካን መንገድ ብንከተልስ? የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ለሕግ ትምህርት ቤቶች ባወጣው መስፈርት መሠረት፣ ለአንድ ክሬዲት በሳምንት ከአንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ጋር ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ሥራ ያስፈልጋል። 15 ክሬዲት ለያዘ ተማሪ በሳምንት 30 ሰዓት፣ በስድስት ቀን ሲካፈል በቀን 5 ሰዓት ነው። ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ተቀራራቢ ቁጥር ላይ ደረሱ። እንግዲህ ቁጥሩን ከጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው ነው፤ ከክፍል ውጭ በቀን አምስት ሰዓት ገደማ፣ በሳምንት ስድስት ቀን።

ንግግሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባላችሁ ነበር። ነገር ግን ሁሉም ሰዓት እኩል አይመዝንም። ከባድ ሰዓት አለ፤ ቀላል ሰዓት አለ። ከባድ የምለው አንቀጹን ገልጦ፣ ውሳኔውን አንብቦ፣ መጽሐፉን ከድኖ በራስ ቃል መጻፍን ነው። ቀላል የምለው ማስታወሻ መገልበጥን፣ ፋይል ከጓደኛ ስልክ መቀበልን፣ ያነበቡትን እንደገና ማየትን ነው። ቀላሉም አስፈላጊ ነው። ችግሩ ብዙ ተማሪ አሥር ቀላል ሰዓት አሳልፎ «አጠናሁ» ማለቱ ነው።

ከባዱ ሰዓት ወሰን አለው። አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የተሻሉት ተማሪዎች ብቻቸውን የሚለማመዱት በሳምንት 24 ሰዓት ገደማ፣ በቀን ሲሰላ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነበር። ይህንንም የሚያደርጉት በመሐል እያረፉ ነው። ሕግ ቫዮሊን አይደለም። ቢሆንም ሐሳብን አጥብቆ የሚጠይቅ ሥራ በቀን ከአራት ሰዓት ብዙ ሲያልፍ እንደሚደነዝዝ በፈተና ሰሞን ላይብረሪ የገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የአምስት ሰዓቱ ክፍፍል በእኔ አስተያየት ሦስት ሰዓት ተኩል ወይም አራት ሰዓት ከባድ፣ የቀረው ቀላል ነው።

ከባድ ሰዓት ምን እንደሚመስል በአንድ አንቀጽ ላሳያችሁ። ርዕሱ ቤት ስለ መሸጥ ይሁን፤ በየወረዳው ፍርድ ቤት የማይጠፋ ክርክር ነውና። ሀንድአውቱ ጉዳዩን በሦስት መስመር ይጨርሰዋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት፣ መመዝገብ እንዳለበት፣ የአንቀጹን ቁጥር። አምስት ደቂቃ ይወስዳል። አሁን በከባዱ መንገድ እንሂድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1723 በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንብቡ። የማይንቀሳቀሱ ንብረቶችን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ሩብ ሰዓት። ከዚያ አንቀጹ የተቀመጠበትን ሠፈር እዩ፤ ከ1719 እስከ 1730 ያለው ስለ ውል አጻጻፍ ሥርዓት የሚናገር ክፍል ነው፤ መነሻው ደግሞ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም የሚል ነው። ሃያ ደቂቃ። ቀጥሎ ወደ ልዩው ክፍል ሂዱና 2877ን እና 2878ን አንብቡ። 2877 ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ጽሑፍን ብቻ ይጠይቃል። 2878 ደግሞ ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንዲኖረው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ መግባቱን ይናገራል። እዚህ ላይ ተማሪው ይቆማል፤ መቆምም አለበት። አጠቃላዩ አንቀጽ ምዝገባ እየጠየቀ ልዩው ጽሑፍን ብቻ ከጠየቀ የትኛው ይገዛል? ልዩ ሕግ አጠቃላዩን ይሽራል ወይስ ሁለቱ ተደምረው ይነበባሉ? ሌላ ሃያ ደቂቃ። ከዚህ በኋላ በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 የሰጠውን ውሳኔ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ችሎቱ በ1723 መሠረት ያልተመዘገበን የቤት ሽያጭ ውል አላጸናም። አርባ ደቂቃ። በመጨረሻ ውሳኔውን ከድናችሁ፣ የምትስማሙ ከሆነ ለምን፣ የማትስማሙ ከሆነም ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ። ሃያ አምስት ደቂቃ። ድምሩ ሁለት ሰዓት ነው።

ሁለት ሰዓት ለአንድ አንቀጽ! ታዲያ 3367 አንቀጽ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ መቼ ያልቃል? በዚህ መንገድ አያልቅም፤ እንዲያልቅም አይጠበቅም። ሕጉን በሰዓት አሥር አንቀጽ እያሉ በሁለቱም ቋንቋ በቀላሉ ለማንበብ እንኳ 337 ሰዓት፣ በቀን በአምስት ሰዓት ሂሳብ 67 ቀን ይፈልጋል። ይህም የወንጀል ሕጉን 865 አንቀጾች፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን 483 አንቀጾች፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣውን አዲሱን የንግድ ሕግ ሳይጨምር ነው። በከባዱ መንገድ የሚጠኑት የተመረጡ አንቀጾች ናቸው። መምረጡ ደግሞ የመምህሩ ሥራ ነው። በየሳምንቱ «እነዚህን ሁለት አንቀጾችና ይህን አንድ ውሳኔ እስከ ሥሩ» ብሎ የሚያዝ መምህር፣ ሰማንያ ገጽ ሪደር ከሚያድል መምህር ይልቅ የተማሪውን ጊዜ ያከብራል።

አሁን በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ውስጥ በየትኛውም የሰዓት ሂሳብ ወደማይቆጠር ሥራ ልምጣ። ከላይ «በእንግሊዝኛም በአማርኛም» ያልኩት በከንቱ አይደለም። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉንም ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አርቅቀውት ነው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ግን የሚሠራው በሌላ ቋንቋ ነው። የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ አንቀጽ፣ 106፣ የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና እንዳለው ይደነግጋል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987ም ለሌሎቹ የፌዴራል ሕጎች ይህንኑ ይላል። የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነው።

የዚህ ውጤት ምንድን ነው? አራት ዓመት «ዩዙፍራክት» እያለ የተማረ ተመራቂ፣ ችሎት ገብቶ «የአላባ ጥቅም» ሲባል ዘወር ብሎ ያያል። «ፔሪየድ ኦፍ ሊሚቴሽን» በፈተና የጻፈው፣ ከሳሹ ገበሬ «ይርጋ» የሚለውን ቃል ከእርሱ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ የእኛ ተማሪ እያንዳንዱን ትምህርት አንድ ጊዜ ተኩል ያጠናል፤ ወይም ማጥናት ነበረበት። በሁለት ቋንቋ የሚያነብ ተማሪ በአንድ ቋንቋ ከሚያነበው በቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደሚጨምርበት ራሴ ከማየው እገምታለሁ። ይህን ግማሽ ሰዓት ከጥናት ሰዓት ቁጠሩት እንጂ ትርፍ ድካም አታድርጉት። የሁለቱን ቋንቋ ቃላት ጎን ለጎን የምታሰፍሩበት አንድ ደብተር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያዙ፤ በአምስተኛው ዓመት ከየትኛውም ሀንድአውት ይበልጣል።

ይህ ሕግን በከባድ ሰዓት የማጥናት ልማድ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ዘመናዊው ፋኩልቲ ከመከፈቱ ከብዙ ዘመን በፊት ፍትሐ ነገሥት በጉባኤ ቤት ይተረጎም ነበር። ተማሪው አስቀድሞ ንባቡን ያቀናል፤ ከዚያ መምህሩ እያንዳንዱን ቃል «አንድም» እያለ ሲያፍታታ ይሰማል፤ በመጨረሻም የሰማውን ከጓደኞቹ ጋር መጽሐፍ ሳያይ ይወጣዋል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም ፊቅህ የሚቀራው ደረሳ መጀመሪያ መትኑን ይይዛል፤ ቀጥሎ ሸርሑን ከሸኹ አፍ ይሰማል፤ ከዚያ ለሌላ ደረሳ ያስቀራል። ሁለቱ ሥርዓቶች በሃይማኖት ይለያያሉ እንጂ በአሠራር ወንድማማቾች ናቸው፤ ጽሑፉ፣ ማብራሪያው፣ ከዚያ ያለ ጽሑፍ መድገሙ። ሦስተኛው ደረጃ እኛ ጋ ጠፍቷል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ሙከራ ብታዩ ለዚህ ደረጃ ምስክር ታገኛላችሁ። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ ደግሞ አነበበው፤ ሌላው ጽሑፉን ከድኖ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከድነው የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ። ሽምደዳ ለምን ለነገ ፈተና እንደሚሠራ፣ ለመውጫ ፈተና ግን ለምን እንደሚከዳ ይህ ሙከራ ያስረዳል።

በነገራችን ላይ፣ ስሙ ከዚሁ ከጋሥጫ ጋር የተቆራኘው አባ ጊዮርጊስ፣ የ«መጽሐፈ ምሥጢር» ደራሲ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ሰባት ዓመት ትምህርት አልገባው ብሎ እህል ይፈጭ እንደነበር ገድሉ ይተርካል። ብዙ ጊዜ ታሪኩን ለተስፋ ብቻ እንናገረዋለን። እኔ ግን ወፍጮውም ይታየኛል። በእኛ ዘመንም ከካፌ ሰልፍ፣ ውኃ ከመቅዳት፣ ነን ካፌ ከሆነ ወጥ ከመሥራት የሚተርፈው ሰዓት ነው የጥናት ሰዓት የሚባለው። በተለይ ሴት ተማሪዎች በዕረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ ሰዓታቸው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። በቀን አምስት ሰዓት ብሎ ለሁሉም እኩል መስበክ የማይገባው ለዚህ ነው።

አምስቱ ሰዓት በዚህ ደጋ እንዴት ይቀመጥ? ሌሊቱ ይበርዳል፤ መብራትም ሲሻው ይሄዳል። «ሌሊት አጠናለሁ» ብሎ ዕቅዱን በመብራት ላይ የጣለ ተማሪ ሳምንቱን ሊያጣ ይችላል። የምመክረው ከባዱን ሥራ የቀን ብርሃን ባለበት ማስቀደምን ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ክፍል ሳይጀመር፣ አንድ ከባድ ክፍለ ጊዜ፤ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ሌላ፤ ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ ሰዓት ከጓደኞች ጋር ያለ መጽሐፍ መከራከር፤ ይህ በጨለማም ይሆናል። ከዚያ ብርሃን ካለ ማስታወሻ ማስተካከል። በሑዳዴና በረመዳን ይህን ማዛወር ግድ ነው። የሚጾም ሰው ከቀትር በኋላ ያለውን ከባድ ክፍለ ጊዜ ለማስታወሻ ሥራ ቢለውጠውና ጠዋቱን ቢያረዝመው ይሻለዋል። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ደግሞ በወረዳ ፍርድ ቤት ግልጽ ችሎት ብትቀመጡ፣ እርሱን ከከባድ ሰዓት ቁጠሩት። የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 በክፍል አንብባችሁ፣ አንድ የመሬት ውርስ ክርክር በጆሮአችሁ ብትሰሙ፣ አዋጁን ሁለተኛ ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

መምህራንን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከኮቪድ ጀምሮ፣ ከዚያም በጦርነቱና በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት የትምህርት ዘመኑ ተቆራርጧል። የባከነውን ለማካካስ 16 ሳምንቱ ወደ 12 ሲታጠፍ ያው 750 ሰዓት በሳምንት 62 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ክፍሉንም ጨምሮ በስድስት ቀን ሲካፈል በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ ነው። ይህን የሚችል ተማሪ የለም። እየቻልን እንዳለን ማስመሰላችን ነው ተማሪውን ወደ ሀንድአውትና ወደ ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀት የሚገፋው። ሴሚስተር ሲያጥር የሚቀነሰው ይዘት ምን እንደሆነ የትምህርት ክፍሉ በግልጽ ይወስን፤ አለዚያ ተማሪው በራሱ ይቀንሳል፤ እርሱ የሚቀንሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከባዱን ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? የመውጫ ፈተናው አንዱ ምክንያት ነው፤ በሕግ ትምህርት ከሌሎቹ ዘርፎች ቀድሞ የተጀመረ ሲሆን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለሁሉም ሆኗል። ዋናው ግን ከፈተናው በኋላ ያለው ነው። ከዚህ ክፍል የሚወጡ አንዳንዶቻችሁ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ በአንድ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ ትሆናላችሁ። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ይገዛል፤ የታተሙት ቅጾችም ከሃያ አልፈዋል። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን የተቀበለ፣ ወይም ገዝቶ ያላስመዘገበ ሰው ፊታችሁ ሲቆም፣ በሦስት መስመር ሀንድአውትና በሁለት ሰዓቱ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት የእርሱ ቤት ነው።

በመጨረሻ በሥራ ላይ ሆናችሁ በቅዳሜና እሑድ ለምትማሩ፤ ፖሊስ፣ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የመሬት ባለሙያ የሆናችሁ እዚህ እንዳላችሁ አያለሁ። አምስት ሰዓት ለእናንተ የሚቻል አይደለም፤ በሥራ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ከባድ ሥራ ካገኛችሁ ብዙ ነው። እርሱንም ጠዋት ቢሮ ሳይከፈት ውሰዱት። የመማሪያ ጊዜአችሁ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነውና የመደበኛ ተማሪን ጭነት በአንድ ሴሚስተር አትያዙ። በሌላ በኩል ሌላው ተማሪ የሌለው ነገር አላችሁ፤ መዝገቡ በእጃችሁ ያልፋል። የባለጉዳዩን ምሥጢር ጠብቃችሁ፣ በሳምንት አንድ ያለቀ መዝገብ መርጣችሁ፣ ውሳኔውን ሳታዩ ክሱንና መልሱን ብቻ አንብባችሁ ራሳችሁ ፍርዱን ጻፉ፤ ከዚያ ከዳኛው ጋር አስተያዩት። አንድ መዝገብ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ጊዜዬ ስላለቀ እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።